ከአባቴ ጋራዥ ስለ ተረፉት የጀልባ ዕቃዎች
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



በዛሬው በዓል ከ12ኛ ክፍል አንድ ተማሪ እንዲናገር በተወሰነ ጊዜ መምህራችን «የምታውቀውን ነገር ተናገር» ብለው አዘዙኝ። እኔም ሦስት ቀን ካሰብሁ በኋላ፥ እርግጠኛ ሆኜ የማውቀው ነገር አንድ ብቻ መሆኑን ተረዳሁ፤ እርሱም አሮጌ የጀልባ ዕቃ ነው። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «በመቱ ጀልባ የት አለ? በሶር ላይ ጀልባ የሚያስኬድ ሰው ከፏፏቴው በታች ይፈለጋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ጂኦግራፊ የተማርን ሁላችን እንደምናውቀው፥ የሶር ውሃ ወደ ገባ ይገባል፤ ገባም ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይባላል፤ ባሮም በጋምቤላ በኩል አልፎ፥ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት ከተባለ በኋላ ወደ ነጭ ዓባይ ይደርሳል። እኛ ከድልድዩ ላይ ሆነን የምናየው ውሃ ከጥቂት ቀን በኋላ ጀልባ ይሸከማል ማለት ነው። ውሃው ወደ ታች ሲወርድ፥ የተሰበረው የጀልባ ሞተር ደግሞ በመኪና ወደ ላይ፥ ወደ አባቴ ጋራዥ ይመጣ ነበር።

የጋምቤላን ነገር ከወላጆቻችን መካከል ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ስላሉ በአጭሩ ብቻ ላስታውስ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፥ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር፥ ከወንዙ ጎን ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥና የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቀደ። የተመረጠውም ቦታ ጋምቤላ ነው። በክረምት፥ ባሮ በሚሞላበት ወራት፥ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች የጭነት ጀልባዎችን በጎንና በጎናቸው አስረው ይመጡ ነበር። ጨውና አቡጀዲ አራግፈው፥ ቡና፥ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሳሉ። ቡናውም ከጐሬ ቁልቁል የሚወርደው በበቅሎና በሰው ጫንቃ ነበረ። ዛሬ ጐሬን በአውቶቡስ ስናልፋት ዝም ያለች ከተማ ትመስለናለች፤ በዚያ ዘመን ግን የኢሉባቦር ገዥ መቀመጫና የነጋዴ መናኸሪያ ነበረች።

በጠላት ወረራ ጊዜ ጋምቤላ በጣልያን እጅ ቆየ፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ያዙት። ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች በኋላም በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በደቡብ ሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ትልልቆቹ መርከቦች እያደር ቀሩ። ትንንሾቹ የሞተር ጀልባዎች ግን አልቀሩም።

አያቴ ጋምቤላ የገቡት ጣቢያው ከተመለሰ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ቁልፍ አቀባይ ነበሩ፤ ኋላ ሜካኒክ ሆኑ። አባቴ ሥራውን ከእርሳቸው ተማሩ። ነገር ግን ወባው ስለ በረታባቸው ወደ ደጋው ወጥተው መቱ ላይ ጋራዥ ተከራዩ። የጋራዡ ዋና ሥራ የቡና መፈልፈያና የወፍጮ ሞተር መጠገን ነው። ቢሆንም በጋምቤላ የሚያውቋቸው ባለ ጀልባዎች አልተዋቸውም። ሞተሩን በአይሱዙ ላይ ከጆንያ ጋር አስረው ይልኩላቸው ነበር። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ተጠግነው ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ባለቤታቸው ሳይመለስ እዚያው ቀሩ፤ አንዳንዶቹም መለዋወጫ እንዲሆኑ ተፈቱ። አባቴ ምንም ነገር የመጣል ልማድ ስለሌላቸው፥ ከአርባ ዓመት በላይ የተጠራቀመው ዕቃ ከጋራዡ ጀርባ አንድ ክፍል ሞልቶ ነበር። እናቴ ክፍሉን «መቃብር» ትለው ነበር።

አምና ሁለት ነገር በአንድ ላይ መጣብን። የቤቱ ባለቤት ቦታውን እስከ ሰኔ መጨረሻ እንድንለቅ ነገሩን። የአባቴም ዓይን በሞራ ተሸፍኖ፥ በቀኝ ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር የማያዩ ሆኑ፤ ግራውም እየተከተለ ነበር። ጅማ ሄደው እንዲታከሙ ተነገራቸው። ለመንገድ፥ ለማደሪያ፥ ለአስታማሚም ገንዘብ ያስፈልጋል። በዚህ መካከል ቁራሌው መጣ። ክፍሉን ከበር ሆኖ አየና «ኦቦ፥ ሁሉንም አንሥቼ ቤቱን ጠርጌ፥ 14,000 ብር እሰጥዎታለሁ» አላቸው። እኔ በልቤ ተስማማሁ። አባቴ ግን አንድ ብረት ከመሬት አንሥተው በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ቆዩና «ይህ ብቻውን የሚያወጣውን ታውቃለህ?» አሉት። ቁራሌው ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም።

ማታ እራት ከበላን በኋላ ጠሩኝና «አንተ በሚስዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተምረሃል። ፊደሉንና ቁጥሩን አንብብልኝ፤ ብረቱን እኔ እዳስሳለሁ» አሉኝ። ሥራችን እንዲህ ተጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንድዘገይ ፍቀዱልኝ፤ ከዚህ ሥራ የተማርሁት ብዙው ነገር በዚህ ክፍል ነውና።

በመጀመሪያ ያደረግነው ዕቃውን በመልኩ ሳይሆን በማዕድኑ መለየት ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት በሲባጎ አንጠልጥዬ ከእያንዳንዱ ብረት ጋር አስጠጋለሁ። የሚስበው ወደ ግራ፥ የማይስበው ወደ ቀኝ ይሄዳል። የማይስበውም እንደገና ይከፈላል፤ ቀላሉ አሉሚኒየም ነው፥ ከባዱና በሞረድ ሲነካ ቢጫ የሚሆነው ናስ ወይም ነሐስ ነው። ከአሉሚኒየሙም ከነሐሱም ያልሆነ፥ ነቀዝ እንደ በላው እህል የተቦረቦረ አመድማ ድቡልቡል ነገር ብዙ አገኘሁና እርሳስ መስሎኝ ልጥል ስል አባቴ አስቆሙኝ። ለካስ ይህ ሆን ተብሎ እንዲበላ የሚደረግ ነው! ዚንክ ወይም ማግኔዚየም ከሞተሩ የውሃ ውስጥ ክፍል ጋር ይታሰራል፤ ውሃው ብረትን ሲበላ በመጀመሪያ እርሱን ይበላና የሞተሩ አካል ይድናል። ለባሕር ጨው ውሃ ዚንኩ፥ እንደ ባሮ ላለ ጨው አልባ ውሃ ማግኔዚየሙ ይሻላል። በኬሚስትሪ ክፍል ስለ ማዕድናት ንቃት ተዋጽኦ ስንማር በቃል ያጠናሁት ሰንጠረዥ፥ እዚያ ወለል ላይ ተበልቶ አየሁት።

ሁለተኛው ሥራ ማጠብ ነው። በዚህ ላይ አንድ ጥፋት ሠራሁ። ዝገቱ እንዲለቅ ብዬ አንዱን የማርሽ ቤት በሽቦ ብሩሽ አጥብቄ ፈተግሁት፤ ከዝገቱ ጋር ቁጥሩም ሄደ። ቁጥር የሌለው ዕቃ እንደ ስም የለሽ ሰው ነው፤ ቢኖርም የሚጠራው የለም። ከዚያ ወዲያ በላምባና በጥርስ ብሩሽ ብቻ አጠብሁ። ቁጥሩ የደበዘዘውን ጠመኔ እቀባዋለሁ፤ ጠመኔው ከጎድጓዳው ውስጥ ሲቀር ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዱንም ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ ስቀባው ይነበባል።

ቁጥሩ ራሱ ቋንቋ ነው። በያማሃ ዕቃ ላይ የሚጻፈው በሰረዝ የተከፋፈለ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች ዕቃው በመጀመሪያ የተሠራለትን የሞተር ዓይነት ያመለክታሉ። ቀጥለው የሚመጡት አምስት ቁጥሮች የዕቃውን ሥራ ይናገራሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ደግሞ ዕቃው ስንት ጊዜ እንደ ተሻሻለ ያሳያሉ። ስለዚህ በመካከል 11631 ካየሁ ሞተሩ ማንኛውም ይሁን ዕቃው ፒስተን ነው፤ 44352 ካየሁ የውሃ ፓምፕ ጎማ ነው። ይህን በደረስሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ በክፍላችን የቴሌፎን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ብርቅ ነው፤ እኔ ግን 44352ን ምናልባት እስክሞት አልረሳውም። ለምን እንደ ሆነ ኋላ ትሰማላችሁ።

የጆንሰንና የኤቪንሩድ ዕቃ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረን። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ የጀልባ ሞተሩን መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ኋላ የእርሱና የጆንሰን ፋብሪካ በአንድ ድርጅት ሥር ሆኑ። በዚህ ምክንያት የብዙዎቹ ሞተሮቻቸው ዕቃ ስሙ ቢለያይም አንዱ ለአንዱ ይገባል። የኤቪንሩድ ሞተር መሠራት እ.ኤ.አ. በ2020 ቆሟል። እኔ ይህን ሳውቅ «እንግዲያማ ዕቃው ዋጋ የለውም» አልሁ። አባቴ ግን «ተሳስተሃል። ፋብሪካው ቆመ እንጂ ሞተሩ መች ቆመ? አሁን ነው የሚፈለገው» አሉኝ። እውነትም ሆነ።

ፕሮፔለር የሚባለውን የመቅዘፊያ ክንፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በላዩ ላይ ለምሳሌ 11 ከዚያም 13 የሚል ይጻፋል። ፊተኛው የክንፉ ስፋት በኢንች ነው። ሁለተኛው፥ ውሃው እንደ እንጨት ጠጣር ቢሆንና ክንፉ እንደ ብሎን ቢገባበት፥ በአንድ ዙር የሚራመደው ርቀት ነው፤ 13 ኢንች 33 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ጭነት ለሚበዛበት ጀልባ ይህ ሁለተኛው ቁጥር አነስ ያለው ይሻለዋል፤ ባዶውን ለሚሮጥ ከፍ ያለው። ከዚህም በላይ በእምብርቱ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ከሞተሩ ዘንግ ጋር ካልተስማሙ ክንፉ ያው ብረት ብቻ ነው። እኔ በእጅ ባትሪ እያበራሁ ስቆጥር፥ አባቴ ትንሿን ጣታቸውን አስገብተው አዙረው «አሥራ ሦስት» ይሉ ነበር። ሁለት ጊዜ ተለያየን። ሁለቱንም ጊዜ የተሳሳትሁ እኔ ነኝ።

ስለ አነስተኛዋ ስፒናም አንድ ቃል ልበል። በድሮ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ክንፉን ከዘንጉ ጋር የምታያይዝ የጣት ጉንጭ የማታህል የለስላሳ ብረት ስፒና አለች። ክንፉ ድንጋይ ወይም ግንድ ሲመታ እርሷ ትሰበርና ማርሹ ይተርፋል። አንድ ጣሳ ሙሉ አገኘን። ጉረቤታችን በሚስማር እንተካት ቢል ባለ ጀልባው ጠንካራ ሚስማር ያስገባበትን ሞተር አባቴ አሳዩኝ፤ ሚስማሩ ደኅና ነበር፥ ማርሹ ግን ደቅቆ ነበር።

አሁን ወደ ሽያጩ ልምጣ። እያንዳንዱን ዕቃ ከማስመሪያ ጎን አስቀምጬ በስልክ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ስሙን፥ ቁጥሩንና ያለበትን ጉድለት በደብተር መዘገብሁ። በጋምቤላ መንገድ ለሚመላለስ ሾፌር ዝርዝሩን ሰጠሁት። አንድ የክፍል ጓደኛዬም አጎቱ ባሕር ዳር ስለሚሠሩ በጣና ለሚነግዱ ባለ ጀልባዎች ላከልኝ። በዚህ ዓይነት ካርቡራቶር ወደ ባሕር ዳር፥ ሁለት ክንፍ ደግሞ ወደ አርባ ምንጭ ሄደ፤ በጫሞ ሐይቅ ላይ ይዞራል ማለት ነው። ለማንም የማይሆነውን የተሰበረ ነሐስ፥ የተሰነጠቀ አሉሚኒየምና የዛገ ብረት ብቻ ለዚያው ቁራሌ በኪሎ ሸጥንለት። እርሱም አልተቀየመም። «ልጅ፥ ከእኔ ይልቅ አንተ ቁራሌ ሆንህ» አለኝ።

የሚያሳፍረኝን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ እርሱን ትቼ ሌላውን ብቻ ብናገር ግማሽ እውነት ይሆናልና።

በዕቃው መካከል በፕላስቲክ የታሸጉ፥ 44352 የሚል የተጻፈባቸው ዘጠኝ የውሃ ፓምፕ ጎማዎች ነበሩ። ይህ ጎማ እንደ አበባ ስድስት ቅጠል ያለው ነው፤ በሚሽከረከርበት ጊዜ የወንዙን ውሃ ስቦ ወደ ሞተሩ እየገፋ ያቀዘቅዘዋል። አባቴ «ጎማ እንደ ብረት አይደለም፥ ተቀምጦም ያረጃል። እያንዳንዱን አጥፌ ሳላየው እንዳትሸጥ» ብለውኝ ነበር። አንድ ቀን እርሳቸው ለቅሶ ሄደው ሳለ አንድ ባለ ጀልባ ከጋምቤላ ራሱ መጣ። ክንፍና ስፒና ከገዛ በኋላ ጎማዎቹን አየ። «አዲስ ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማሸጊያቸው እንኳ አልተከፈተም» አልሁት። ይህ ቃል እውነት ነበር። ነገር ግን የጠየቀኝ ስለ ማሸጊያው አልነበረም፤ ይህንንም እየመለስሁለት ሳለሁ አውቀው ነበር። ስድስቱን እያንዳንዳቸውን በ1,500 ብር ገዛኝ። 9,000 ብር በእጄ ገባ። የጅማው መንገድ ተሞላ ብዬ ደስ አለኝ። ለአባቴም ዋጋውን ነገርኋቸው እንጂ ጎማ መሸጤን አልነገርኋቸውም።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ስልክ ተደወለ። ጀልባው 11 ሰውና የማሽላ ጆንያ ጭኖ ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ ሲሄድ፥ የጎማው ቅጠሎች እንደ ደረቅ እንጀራ ተሰባብረው ውሃ መሳብ አቁመዋል። ሞተሩ ግሎ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ጀልባውም ባሮ ወደ ወሰደው እየሄደ፥ ሲመሽ በአሸዋ ደለል ላይ ተቀመጠ። ባሮ አዞ ያለበት ወንዝ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሌሊቱን በዚያ አድረው፥ ጠዋት አኙዋ ዓሣ አጥማጆች በግንድ ታንኳቸው አሻገሯቸው። አንድም ሰው አልተጎዳም። ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ባለ ጀልባው አልሰደበኝም። «አባትህን አገናኘኝ» ብቻ አለኝ። አባቴ ስልኩን ይዘው ብዙ ሰሙ። ከዚያም «ወንድሜ፥ ጥፋቱ የቤቴ ነው» አሉት። ስልኩን ሲዘጉ ወደ እኔ ዞሩ፤ የት እንዳለሁ በደንብ አላዩኝም ነበርና ትንሽ ወደ ጎን ተመለከቱ። «ስንቱን ሸጥህለት?» አሉኝ። «ስድስት» አልሁ። «ገንዘቡን ቁጠር። ፒስተን ከነፋሻው ጨምርና ነገ አንተው ውሰድለት» አሉኝ።

በማግሥቱ በጐሬና በቡሬ በኩል ወረድሁ። ከቡሬ በኋላ መንገዱ እየወረደ ሙቀቱ ሲበረታ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ጋምቤላን ያየሁት ያን ጊዜ በመጀመሪያ ነው። ባለ ጀልባው ከወንዙ ዳር ሞተሩን ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ገንዘቡን ቆጥሮ ተቀበለ፤ ፒስተኑን ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ በካሊፐር ለካው፤ ልክ ነበር። ከዚያም የተሰባበሩትን የጎማ ቅጠሎች ከውሃው መተላለፊያ ውስጥ በወስፌ አንድ በአንድ እያወጣ በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ስድስቱም ሲሞሉ «አሁን አንተም እወቅ» አለኝና፥ ሞተር ደኅና ሲሠራ ከኋላው እንደ ሕፃን ሽንት ቀጥኖ የሚፈስ ውሃ እንደሚታይ አሳየኝ። ያ ሲቆም ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው። በዚያን ዕለት ረዳቱ ወደ ኋላ አላየም ነበር። ይህን የነገረኝ ጥፋቴን ለማቅለል ይመስለኛል፤ እኔ ግን አልቀለለኝም።

የአባቴ ጉዞ በዚህ ምክንያት ሁለት ወር ዘገየ። በእነዚያ ሁለት ወራት ግራ ዓይናቸውም ደከመና፥ ከቤት ወደ ጋራዥ በእጃቸው እየመራኋቸው እንሄድ ነበር። ስለ ጎማው ዳግመኛ አላነሡብኝም። የቀሩትን ሦስት ጎማዎች አንድ በአንድ አጠፏቸው፤ ሁለቱ ከሥራቸው ተሰነጠቁ። ሦስተኛው ደኅና ይመስል ነበር። እርሱንም በቢላዋ ቆርጠው ጣሉት። «ደኅና ሊሆን ይችል ነበር እኮ» ብላቸው «አዎን» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በደብተሬ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርሁ፤ አርእስቱም «የማላውቀው» የሚል ነው። ገዥ ሲመጣ በመጀመሪያ የማነብለት ይህን ዓምድ ሆነ። «ይህ ክንፍ ተጠግኖ ይሆናል፥ አላውቅም»፤ «ይህ የማቀጣጠያ ጥቅል ከተገዛ ጀምሮ አልተፈተነም»። አንዳንዱ ገዥ ይህን ሰምቶ ሄደ። አንዳንዱ ዋጋ አስቀነሰ። የጋምቤላው ባለ ጀልባ ግን በግንቦት ተመልሶ መጥቶ አንድ ሙሉ የማርሽ ቤት ገዛን፤ ዓምዱንም ራሱ አነበበው። ቤቱን በሰኔ 27 ስናስረክብ በጠቅላላው 58,400 ብር አግኝተን ነበር። የቀኝ ዓይናቸው ጅማ ላይ ተሠርቶላቸዋል። ዛሬ እዚህ ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራው ከመስቀል በኋላ ይሠራል።

በመጨረሻ ይህን ከፊቴ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥሁትን ዕቃ እንድታዩልኝ እለምናለሁ። የነሐስ ክብ ነው፤ ፊቱ መስተዋት ያለው፥ ከ0 እስከ 200 የተጻፈበትና አንድ መርፌ ያለው የእንፋሎት ግፊት መለኪያ ነው። ከአያቴ ሣጥን ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ። ከድሮዎቹ የጋምቤላ መርከቦች የአንዱ ነው ብሎ በ«የማውቀው» ዓምድ ውስጥ መጻፍ በጣም ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ መለኪያ በየብስ ላይ ባለ የእንፋሎት ሞተርም ላይ ይገኛል። የሠሪው ስም ተፍቆ አምስት ፊደል ብቻ ቀርቷል። አባቴም ከአባታቸው አልጠየቁም ነበር። የፊዚክስ መምህራችን ለቤተ ሙከራው ፈልገውታል፤ አንድ ነጋዴም 3,000 ብር ሰጥቶበታል። እስካሁን ለማንም አልሰጠንም። እዚህ ካሉት ወላጆች ወይም አያቶች መካከል በጋምቤላ ወደብ የሠራ፥ ወይም እንዲህ ያለውን ዕቃ በመርከብ ላይ ያየ ቢኖር፥ ከሻይ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ደብተሬን ይዤ እቆያለሁ።